ክሪስቲኒ ሁለት በሁለት ሞተር ሳይክል፦ የፊቱ ጎማ የሚጎትተው መቼ ነው?

ሁለቱም ጎማ የሚነዳ የጭቃ ሞተር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አራት በአራት መኪና ነው፤ ማርሹን ካስገቡለት የትም የሚወጣ። ክሪስቲኒ የሚባለው ሁለት በሁለት ሞተር ግን እንደዚያ አይደለም። አብዛኛውን ሰዓት የፊቱ ጎማ ምንም አይጎትትም፤ እንደማንኛውም ሞተር ዝም ብሎ ይንከባለላል። ሥራ የሚጀምረው የኋላው ሲያንሸራትት ወይም የፊቱ ራሱ ሲታነቅ ነው። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው በደረቅ መንገድ ላይ ሲነዳ ይውልና "ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?" ብሎ ይመለሳል። ልዩነቱ ያለው እርጥብ ሥር በበዛበት ዳገት፣ ልቅ አሸዋ ላይና ከጎማው እምብርት በላይ በሚውጥ ጭቃ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ በጣም ብዙ ነው።

አሠራሩን በደንብ ማየት ያዋጣል፤ የሞተሩ ጠባይ በሙሉ ከዚያ የሚመነጭ ነው። ለፊት ጎማ የሚሄደው ኃይል የሚነሳው የኋላው ካቴና ከሚነሳበት ከዚያው ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ነው። በሌላ ካቴና ወደ ላይ ይወጣና በነዳጅ ጋኑ ሥር አልፎ መሪው ወደሚዞርበት አንገት ይደርሳል። አንገቱ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ማርሾች አሉ፤ ከእነሱ በሁለቱም የፎርክ እግሮች ላይ አንድ አንድ ዘንግ ይወርዳል። እያንዳንዱ ዘንግ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚገባ ስለሆነ ፎርኩ ሲጨመቅ አብሮ ያጥራል፣ ሲለቀቅ ይረዝማል። ታች ሲደርስ ከጎማው እምብርት ጋር በማርሽ ይጋጠማል። ዘንጎቹ ሁለት የሆኑት ለጌጥ አይደለም። አንድ ብቻ ቢሆን ጋዝ በተሰጠ ቁጥር መሪውን ወደ አንድ ጎን ይስበው ነበር፤ በተቃራኒ የሚዞሩ ሁለት ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ግፊት ያጠፋዋል። እውነትም መሪው ላይ የሚሰማ ጠለፋ የለም።

ቁልፉ ያለው እምብርቱ ውስጥ ነው። እዚያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን አለ፤ የብስክሌት የኋላ ጎማ ፔዳሉ ሲቆም በነጻ እንደሚሽከረከረው ማለት ነው። የፊቱ መስመር ከኋላው ዝግ እንዲል ተደርጎ ተሠርቷል፦ የኋላው 100 ሲሄድ የፊቱ ዘንግ 80 ገደማ ይሄዳል። መሬቱ የሚይዝ ከሆነ የፊት ጎማው ከዘንጉ ፈጥኖ ስለሚንከባለል ፍሪሲዮኑ አይነክስም። የኋላው ሲያንሸራትትና ፍጥነቱ ከመሬቱ ሩብ ያህል ሲበልጥ ዘንጉ ጎማውን ይደርስበታል፤ ያኔ ይነክስና መጎተት ይጀምራል። የፊቱ ጎማ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ ወይም ኩርባ ላይ ሲንሸራተትና ዙሩ ሲቀንስም እንዲሁ ይሆናል። ነጂው የሚያደርገው ነገር ቢኖር በግራ እጁ በኩል ያለችውን ማንሻ በአውራ ጣቱ ማስገባት ወይም ማውጣት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ግን የለመደን እጅ ይቃወማል። በተራ ሞተር ፊቱ መንሸራተት ሲጀምር ሁላችንም ጋዝ እንዘጋለን። እዚህ ጋዝ ከተዘጋ ዘንጉ ዝግ ይላል፣ ፍሪሲዮኑ ይለቃል፣ የፊቱ ጎማ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ጋዙን ባለበት መያዝ፣ ቢቻል ጥቂት መጨመር ነው የሚሻለው፤ የፊቱ ራሱን ጎትቶ ወደ መስመሩ ይመለሳል። በአሸዋ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ሌላው ሞተር ፊቱን ቀብሮ እንደ ማረሻ ሲገፋ ይሄኛው በራሱ አቅም ወደ ላይ ይወጣል። ልምዱ ግን በአንድ ቀን አይመጣም፤ ለብዙ ዓመት የነዳ ሰው ደግሞ ከጀማሪው የበለጠ ይቸገራል።

ዳገት ላይ የሰውነት አቀማመጥም ይለያል። በተለመደው ሞተር የኋላው እንዲይዝ ክብደታችንን ወደ ኋላ እንወስዳለን። በክሪስቲኒ ላይ ግን ቆሞ ደረትን ከመሪው በላይ አድርጎ መሄድ ይሻላል፤ ክብደት ያላረፈበት የፊት ጎማ የሚጎትተው ነገር የለውም። ከወትሮው አንድ ከፍ ያለ ማርሽ፣ ዝቅ ያለ የሞተር ዙር፣ እኩል የሆነ ጋዝ። የኋላው በቦታው እየተሽከረከረ መሬት ከሚምስ ትንሽ እያንሸራተተ ቢሄድ ይበቃል። የወደቀ ግንድ ሲያጋጥም የፊቱን አሥር ሳንቲ ያህል አንስቶ ማስነካት ነው፤ ከነካ በኋላ ቅርፊቱን ቧጦ ራሱ ይወጣዋል። ግንዱ እርጥብና ልጣጩ የተላጠ ከሆነ ግን እሱም ያንሸራትታል፤ ተአምር አይጠበቅ።

ቁልቁለት ላይ ሁለት በሁለት መሆኑ የሚሰጠው የሞተር ፍሬን የለም። ፍሪሲዮኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚይዝ ጋዝ ሲዘጋ የሚጎተተው የኋላው ብቻ ነው። የፊት ፍሬን ግን ሲያዝ አንድ ጥሩ ነገር ይመጣል። የፊቱ ጎማ ከዘንጉ በታች ሊዘገይ ስለማይችል የኋላው እየዞረ እያለ ፊቱ ብቻውን ድርቅ ብሎ አይቆምም፤ ፍሬኑ በዘንጎቹ በኩል የኋላውንም አብሮ ይይዛል። በዚህም ምክንያት በኃይል ሲያዝ ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል። ቁልቁለት ላይ ሁለት ጣት የግራ እጁ ፍሪሲዮን ላይ፣ አንድ ጣት የፊት ፍሬን ላይ የሚባለው ምክር እዚህ በእጥፍ ይሠራል።

ከዚሁ የመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ዳገቱ አልወጣ ብሎ ሞተሩን ወደ ኋላ ለመግፋት ሲሞከር እንደተቸከለ ይቆማል። ተበላሽቶ አይደለም። ወደ ኋላ ሲንከባለል ፍሪሲዮኑ ይነክሳል፤ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ልክ ስለታሰሩ አንዱ ካልተንሸራተተ ሌላው አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ማንሻዋን አውጡ፣ ከዚያ ግፉ።

የጥርስ ልክ መቀየር የሚወዱ ሰዎች ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቧት አይከፋም። የኋላውን ካቴና ጥርስ መቀየር የኋላውን ጎማ ብቻ እንጂ የፊቱን መስመር አይነካም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይዛባል። 50 ጥርስ ያለውን የኋላ ጥርስ በ52 ብትቀይሩ 80 የነበረው ወደ 83 ይጠጋል፤ ያን ያህል አይጎዳም። የዚያኑ ካቴና የካምቢዮ በኩል ጥርስ ከ13 ወደ 12 ብታወርዱ ግን ወደ 87 ገደማ ይደርሳል። ያኔ የፊቱ ቶሎ ቶሎ ይነክሳል፣ ጠንካራ መሬት ላይ በኩርባ ይከብዳል፣ ማርሾቹም በከንቱ ይበላሉ። በተቃራኒው ለፍጥነት ብላችሁ የኋላውን ወደ 46 ካወረዳችሁ 74 አካባቢ ይሆናል፤ የኋላው በጣም ካልተሽከረከረ የፊቱ አይነቃም። በኋላው ጥርስ ከፋብሪካው ልክ ሁለት ጥርስ ወዲህ ወዲያ፣ ከዚያ አይለፍ።

ስለ ጎማ ከተነሳ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የፊቱን ሪም ሎክ ነው፤ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ የሚይዘውን ማጥበቂያ ማለት ነው። በተራ ሞተር ላይ የፊቱ ጎማ የሚጎተተው በፍሬን ብቻ ስለሆነ ያለ ሪም ሎክ የሚነዳ አለ። እዚህ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን፣ ሞተሩ ወደ ሌላው ይጎትተዋል፤ ጎማው በቸርኬው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይሸሻል፣ የውስጥ ጎማውም አብሮ ይሄዳል። ምልክቱን የምታዩት ቫልቩ ላይ ነው። ከቸርኬው ቀጥ ብሎ መውጣት የነበረበት ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሎ ይገኛል፣ ሥሩ ላይ ጎማው ይለጠጣል፣ ነጭ ስንጥቅ ያወጣል። በዚያው ከተነዳ ከሥሩ ይበጠሳል፤ እንዲህ የተበጠሰ ደግሞ አይለጠፍም። ሪም ሎኩን አጥብቁ፣ የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ ሳይሆን ወደ ላይ ከክዳኑ ጋር አስጠጉት፤ ያኔ ቫልቩ ሲጎተት ጋደል ይላል እንጂ አይቆረጥም። አየሩ ለጭቃና ለሥር ከ10 እስከ 12 ፒኤስአይ ይበቃል። ስለት ያለው ድንጋይ ከበዛ 13 ወይም 14 አድርጉት።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ዋጋ ክብደትና ጥገና ነው። ስርዓቱ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፣ አብዛኛውም ፊት ለፊት ነው። ሲነዳ ብዙም አይሰማም፤ የወደቀ ሞተር ሲያነሱ ግን ይታወቃል። ጥገናው ላይ ግን ሰነፍ ሰው አይግዛው። ከጭቃ ጉዞ በኋላ በፎርኩ ላይ የሚወርዱት ዘንጎች መከላከያ ጎማቸው እንዳልተቀደደ ማየት ያስፈልጋል። ተቀዶ ከተገኘ ውስጡ የገባው አሸዋ ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ የሚንሸራተተውን ክፍል እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ያኔ ፎርኩ ሲጨመቅ ገታ ገታ ይላል፣ ሰውም ችግሩን ከሞላው ይመስለዋል። በኃይለኛ ውሃ ሲታጠብ ውሃውን በቀጥታ እምብርቱና አንገቱ ላይ አታነጣጥሩ። በጋኑ ሥር ያለውን ካቴና ውጥረት መፈተሽም አይረሳ፤ ከዓይን ስለተሰወረ ብቻ ሳይነካ የሚከርም ነው። የፊት ጎማ ማውለቅ ከተለመደው ይረዝማል፣ የፎርክ ዘይት መቀየርም እንዲሁ። ጎማ በመንገድ ላይ ለመቀየር ያሰበ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተለማምዶ ይውጣ።

ሌሎቹ ሁለት በሁለት ሞተሮችስ? ሮኮን ትሬይል ብሬከር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ የመጣ ንድፍ ነው፤ ጎማዎቹ ወፋፍራም፣ ቸርኬዎቹ ውስጣቸው ክፍት ሆኖ ውሃ ወይም ነዳጅ የሚይዙ፣ ባዶ ከሆኑም ሞተሩን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉ ናቸው። ዕቃ ጭኖ በቀስታ ጫካ ለሚገባ ሠራተኛ እንደሱ የለም፤ ለመንዳት ደስታ ግን አይሆንም። ያማሃ ከሞላ ሠሪው ከኦሊንስ ጋር የሠራው 2-ትራክ ደግሞ የፊቱን በካቴና ሳይሆን በዘይት ግፊት ይነዳ ነበር። ፈረንሳዊው ተወዳዳሪ ዴቪድ ፍሬቲኜ እ.ኤ.አ. በ2004 የዳካር ራሊ ላይ ነድቶታል። ለስለስ ያለ ስርዓት ነበር፤ ግን የተሠራው በውስን ቁጥር ስለሆነ ዛሬ መለዋወጫ ፍለጋው ራሱ ሌላ ጉዞ ነው።

ፈጣን የውድድር ሜዳ ላይ ለሚነዳ ክሪስቲኒ አያስፈልገውም፤ ያን ክብደት በከንቱ ይሸከማል። ዳገት፣ በረዶ፣ አሸዋና ጭቃ ለሚበዛበት፣ በተለይም ብቻውን ለሚወጣና የሚገፋው ሰው ለሌለው ግን ከዚህ የተሻለ አማራጭ አላየንም።

ያገለገለ ሲገዙ ሞተሩን ማቆሚያ ላይ አውጥታችሁ ሁለቱንም ጎማ ከመሬት አንሱ። ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ ማንሻዋን አስገቡ። በሁለቱም ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና የኋላውን በእጅ ወደ ፊት 10 ዙር አዙሩ፤ የፊቱ 8 ዙር ገደማ ተከትሎ መዞር አለበት። ከ8 ተኩል በላይ ከሄደ የቀድሞው ባለቤት የካቴና ጥርስ ቀይሯል ማለት ነው። ጨርሶ ካልተከተለ ወይ ማንሻዋ አልገባችም፣ ወይ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቀጥሎ የፊቱን ብቻ ወደ ፊት አሽከርክሩት፤ በነጻ መዞር አለበት። በመጨረሻ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ የኋላውን ማዞሩን ቀጥሉ። አንገቱ አካባቢ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ማርሾቹ ተበልተዋል፤ ሻጩ ምንም ቢል ስለ ዋጋው ሳይሆን ሞተሩን ስለ መግዛት አለመግዛት አስቡ።