የሚያወራ ሰሌዳ ወይስ ዝም ያለ እንጨት? ለትንንሽ ልጆች መጫወቻ ስትመርጡ

ደብረ ብርሃን አንድ የመጫወቻ ሱቅ ገብታችሁ «ይሄ ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው፦ «ለሁሉም ይሆናል እህቴ!» ለሁሉም የሚሆን መጫወቻ ግን የለም። የአምስት ዓመት ልጅ ጣቱን የሚያፍታታበት ትንሽ ቁራጭ የዓመት ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዕድሜውን አስቡ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፦ ልጁ ሲጫወት ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? እሱ ወይስ ዕቃው? እኔ ከታች ያሉትን የማወዳድረው በዚህ ነው።

የእንጨት ኩብ እና «ሌጎ»

ሌጎ ብለን የምንገዛው አብዛኛው ሌጎ አይደለም። እንደ ሌጎ የሚገጣጠም ፕላስቲክ ነው። የዴንማርኩ ኩባንያ የዛሬውን አገጣጠም በፓተንት ያስመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነበር። የፓተንቱ ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ ዛሬ ማንም ያመርተዋል። ማምረቱ ባልከፋ፣ የርካሹ ችግር ልኩ ነው። አንዱ ቁራጭ ከገባ አይወጣም፣ ሌላው ሲነኩት ይፈርሳል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ገጥማችሁ ለማላቀቅ ሞክሩ። የእናንተን ጥፍር ካሳመመ የሦስት ዓመት ልጅ አልቅሶ ይተወዋል።

የእንጨት ኩብ ምንም የሚይዘው ነገር የለም። የሚቆመው ሚዛኑን ከጠበቀ ብቻ ነው። ጠባቡን ከታች፣ ሰፊውን ከላይ ያደረገ ልጅ ወዲያው ያየዋል፤ ማንም መንገር የለበትም። የዓመት ልጅ እናንተ የደረደራችሁትን ማፍረስ ይወዳል። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ሁለት ሦስት ይደረድራል፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ስድስት ገደማ ይደርሳል። በሦስት ዓመቱ ሁለት አቁሞ አንድ በላያቸው ያጋድምና ድልድይ ይሠራል። ያው ዕቃ ነው፣ የሚያድገው ልጁ ነው። ለዚህ ነው የኩቡ ዕድሜ ረጅም የሚሆነው።

«እንጨቱ ውድ ነው» ትሉ ይሆናል። ከውጭ የመጣው አዎ ውድ ነው። ሰሜን ሸዋ ግን ከደብረ ሲና እስከ መሐል ሜዳ አናጢ የሌለበት ከተማ የለም። ከበርና ከአልጋ ሥራ የተረፈው ቁርጥራጭ አብዛኛውን ጊዜ ማገዶ ነው የሚሆነው። አናጢው ጋ ሄዳችሁ ልኩን ንገሩት፦ ውፍረቱ 3.5፣ ስፋቱ 7፣ ርዝመቱ 14 ሳንቲ ሜትር። ይሄ ከሀያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት፣ ካሮላይን ፕራት የተባለች አሜሪካዊት መምህር ያወጣችው ልክ ነው። ምስጢሩ እጥፍ በእጥፍ መሆኑ ላይ ነው። ግማሽ የሆኑ (7 በ7) እና እጥፍ የሆኑ (28) ጥቂት ጨምሩበት። ልጁ ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ መሆኑን በእጁ ያውቀዋል፣ ክፍልፋይ የሚባል ነገር ሳይሰማ። ለመጀመሪያ ሀያ ሠላሳ ፍሬ ይበቃል።

ጽድ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። ባህር ዛፍ በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ጠርዙ ተድቦልቡሎ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ቀለም አትቀቡት፣ ራቁቱን ይሁን። እንከኑንም ልንገራችሁ፦ ሊሾ ላይ ሲፈርስ ጩኸቱ አይጣል ነው፣ የተወረወረውም የታናሽ ግንባር ያገኛል።

ከሦስት ዓመት በታች እንጨቱን እመርጣለሁ። ከአራት በላይ፣ ጣት ሲጠነክር፣ የሚገጣጠመው የራሱ ጥቅም አለው። መኪናው ተሠርቶ ሳይበተን በእጅ ይዞራል። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ግን አናጢው ጋ ሂዱ።

የሚያወራው ሰሌዳ እና የፊደል ገበታ

ቁልፉን ሲጫኑት «ኤ ፎር አፕል» ይላል። መብራት ይበራል፣ ዘፈን ይከተላል። ወላጅ የሚወደው ልጁ ዝም ስለሚልለት ነው፤ አልፈርድም፣ እንጀራ እየጋገሩ ልጅ መያዝ ቀልድ አይደለም። መዋዕለ ሕፃናቱም እንግሊዝኛውን ቶሎ ስለሚፈልግ ግፊት አለ።

ችግሩ ሰሌዳው የእናንተን ተራ መውሰዱ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ከ10 እስከ 16 ወር ያሉ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ ቀርጾ ነበር። ባትሪ ባለው መጫወቻ ሲጫወቱ ወላጆች ያወሩት ቃል ከመጽሐፍና ከተራ መጫወቻ ጊዜው ያነሰ ነበር። ከልጁ ጋር መመላለሱም እንዲሁ። ልጅ ደግሞ ቋንቋ የሚማረው ሲመለስለት ነው። «በ... በ...» ሲል «በግ! አዎ፣ በጉ የት ሄደ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ሰሌዳው ሺህ ጊዜ ቢጫኑት «አፕል» ነው የሚለው።

የፊደል ገበታ ዝም ይላል። ስለዚህ አጠገቡ ሰው መቀመጥ አለበት፤ አያት ወይም ታላቅ እህት ብትሆንም ያው ነው። ስትገዙ ወረቀት ከተለጠፈበት ይልቅ ፊደሉ ተቦርቡሮ ጣት የሚሄድበትን ምረጡ። ወረቀቱ በሳምንቱ ይላጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ቤት ቤቱን ከላይ እስከ ታች ተመልከቱት። የተዘለለ ወይም የተደገመ ፊደል ካለ ልጁ እንደዛው ይይዘዋል። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ላይ ይሄን ሁሉ አትጫኑበት። የስሙ ፊደላት ይበቁታል።

የሚያወራውን ቀድሞ የገዛ ሰው አይጣለው። ለአምስት ዓመት ልጅ፣ ትልቅ ሰው አብሮት እየተጫነ፣ ለእንግሊዝኛ ድምፅ ይረዳል። ድምፁ ከበዛ ማውጫው ላይ ፕላስተር ለጥፉበት።

ፐዝል

ባጭሩ። ፐዝል ቁራጮቹን በየቦታቸው እየገጠሙ ሥዕል የሚሞሉበት ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ መያዣ ያለው የአራት አምስት ቁራጭ የእንጨት ፐዝል፤ ለአራት ዓመት ልጅ ከ12 እስከ 24 ቁራጭ። ካርቶኑ ርካሽ ነው፣ ውሃ ከነካው ግን አለቀ። የአምናን የካላንደር ሥዕል ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ብትቆርጡትም ሥራው ያው ነው።

የፕላስቲክ ኩሽና እና እቃ እቃ

እዚህ ላይ ገንዘባችሁን ባታወጡ ነው የምመርጠው። ሮዝ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ምድጃ፣ ፒዛ፣ ሹካ... ልጅቷ ቤቷ ውስጥ የምታየው ረከቦት ነው። ጆሮው የተሰበረ ስኒ (ስለቱ ተሞርዶ)፣ አሮጌ ሰፌድና ቁራጭ ነጠላ ስጧት። ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፣ «ቡና ጠጡ!» ብላ ጎረቤት ትጠራለች፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ በተራ ትቀዳለች። ለታላቅ ቀድማ ታቀርባለች፣ የሌለ ስኳር ትጨምራለች። ቅደም ተከተል፣ ቁጥር፣ ወግ፣ ጨዋታ ሁሉም አለበት።

እነዋሪና ጅሩ በኩል ያላችሁ ደግሞ ዋልካው ደጃፋችሁ ነው። የጅሩን ሰንጋ በጭቃ ሠርቶ ሻኛውን በጣቱ የሚያቆም ልጅ እርሳስ ለመያዝ እየተዘጋጀ ነው። በክረምት፣ ወይም ውርጭ ባለበት ደጋ፣ ጭቃ በእጅ የሚያስነካ አይደለም። ያኔ ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ዘይት በውሃ አቡክታችሁ ስጡት። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ቶሎ ይደርቃል። ጨዉ ብዙ ስለሆነ እንዳይበላ ጠብቁ።

አሻንጉሊትም ቢሆን የሚራመድና የሚዘፍን ከሆነ ልጁ ሁለት ቀን ያየዋል፣ በሦስተኛው ሆዱን ይከፍታል። በጨርቅ ተሰፍቶ የመንዝ በግ ፀጉር የተጠቀጠቀበት ግን ይታቀፋል፣ ይታዘላል፣ ይታመማል፣ ይድናል።

ታብሌት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል። «ትምህርታዊ» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ከዚህ አያመልጥም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሽንት ቤት ወረቀት የሚጠቀለልበትን የመሐሉን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። በቀዳዳው የሚያልፍ ቁራጭ ካለ ተዉት። ማሸጊያው ላይ 0-3 የሚል ቁጥር ከተሰረዘ የሕፃን ፊት ጋር ካያችሁም እንዲሁ። ቀለሙን በእርጥብ ጨርቅ እሹት፣ ከለቀቀ አትግዙ። ጠንካራ ትንንሽ ማግኔት ያለበትን ጭራሽ አትንኩት፤ ሁለት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ ይሳሳቡና ይበሱታል።

ከሁሉ የከፋው የሰዓት ባትሪ የሚባለው ክብ ባትሪ ነው። የተዋጠ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ከተጠረጠረ ሳያስመልሱ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ የባትሪውን ክዳን ገልብጣችሁ እዩት። በብሎን ታስሮ በካቻቪቴ ካልሆነ የማይከፈት ከሆነ ደህና። በጥፍር ከተከፈተ፣ ባለሱቁ በግማሽ ዋጋ ቢላችሁም መልሱለት።