የሲሊንደር ጋዝ እና ባዮጋዝ፦ ሲያፈተልኩ የቱ ያስፈራል?

ባሕር ዳር ውስጥ ጠባብ ማድ ቤት ላለው ሰው ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሰጋው ሲሊንደሩ ነው። በውስጡ ያለው ቡቴን የተባለው ጋዝ ከአየር በእጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የላይኛው መስኮት ቢከፈት ብዙም አይጠቅም። አየሩ ውስጥ 1.8 በመቶ ሲደርስ ለመፈንዳት የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ይበቃዋል። ከ8.4 በመቶ ካለፈ አየር ስለሚያንሰው አይቀጣጠልም፤ ክፋቱ ግን በር ሲከፈት ሳስቶ እንደገና የሚፈነዳበት መጠን ላይ መድረሱ ነው። ስለዚህ ሲሸት ቫልቩን ዝጉ፣ መብራት አታብሩም አታጥፉም፣ በሩን ከፍታችሁ ውጡ። ጎማውን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት መፈተሽ የለም።

ከእበት፣ ወይም ከጣና እንቦጭ (ተከትፎ ከእበት ጋር ሲሆን ይሻላል) የሚገኘው ባዮጋዝ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። በውስጡ ያለው የሚነደው ጋዝ፣ ሚቴን፣ ለመፈንዳት 5 በመቶ መድረስ አለበት፤ ከአየርም ስለሚቀል በጣሪያ ሥር ባለ ቀዳዳ ይወጣል።

የባዮጋዝ አደጋ ያለው እበቱ የሚብላላበት ጉድጓድ ላይ ነው። አዲስ ጉድጓድ መጀመሪያ የሚሰጠው ጋዝ አየር የተቀላቀለበት ስለሆነ ሳይለኮስ ይለቀቅ። ከጉድጓዱ በሚወጣው ቧንቧ አፍ ላይ እሳት ማስጠጋት ነበልባሉን ወደ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። ለማጽዳት የተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ጋዙ ሳይፈነዳም ይገድላል፤ ኦክስጅን የለውም።