የዋጋውን ወረቀት ልጣችሁ እዩ፦ ደሴ ላይ ላፕቶፕ ለምትገዙ

ደሴ ላይ ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሰኞ ዕለት 32 ሺህ ብር ተበልቻለሁ። እስከ ዛሬ ንዴቱ አልወጣልኝም።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሂሳባቸውን የምሠራላቸው ሱቆች ግን ኮምቦልቻ ናቸው። በየቀኑ በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ እወጣለሁ። የድሮው ላፕቶፔ እንደ ወፍጮ መጅ ይከብዳል። ባትሪውም ሞቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። እቁቤ ሲወጣ ትንሽና ቀላል ላፕቶፕ ልግዛ አልኩ። የሂሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪንና ኤክሴልን ከከፈተልኝ፣ ግብር በኢንተርኔት የሚቀርብበት ኢ-ታክስ ላይ ሪፖርት ካስገባልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። በር ላይ ያለው ልጅ "እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?" ይላል። ከውስጥ ያለው ወንበር ይስብላችኋል። ዋጋ ይጠራል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ 2 ሺህ እቀንስልሻለሁ" ይላል። እኔም እሺ አልኩ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ላፕቶፑ 11.6 ኢንች ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማህደር፣ ስንት ጂቢ ነው አልኩት። "8።" ማከማቻውስ? "256፣ ኤስኤስዲ።" ኤስኤስዲ ፈጣኑ የማከማቻ ዓይነት ነው። በአፉ ብቻ አይደለም፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አሳየኝ። 8 የሚለውን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ "ይሄን ሰው ሁሉ ነካክቶታል፤ ላንቺ የታሸገ ላውጣልሽ" አለኝ። ደስ አለኝ። አመሰገንኩትም።

ካርቶኑን ከጓዳ ይዞ መጣ። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ዋጋ የተጻፈበት ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። እዚሁ ከፍቼ ልየው አልኩት። "አብሽሪ የኔ እህት፣ እቃው አንድ ነው። እሽጉ ከተቀደደ ዋስትናው ይበላሽብሻል።" ይህን ሲል ካርቶኑን በሁለት እጁ ይዞታል። የቀኝ አውራ ጣቱ ያች ነጭ ወረቀት ላይ ናት። አሁን ሳስበው ያች ጣት ከዓይኔ አትጠፋም። ስልኬን አውጥቼ በቴሌብር እስክልክለት ድረስ አላነሳትም። ወረቀቱን የሚያስተካክል መስሎኝ ነበር። የገቢ መልእክቱ ስልኩ ላይ ሲጮህ ነው ካርቶኑን የለቀቀልኝ።

ማታ ቤቴ ከፈትኩት። ማብራቱን አበራ። የአንድ ደንበኛዬን የዓመት ኤክሴል ፋይል ከፍቼ ጎን ለጎን ኢንተርኔት ስከፍት ቀጥ አለ። እጄን አንስቼ ጠበቅሁ። ተንቀሳቀሰና እንደገና ቆመ። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ፤ ራም 4 ይላል። ማከማቻው 256 ሳይሆን 64 ነው። ሮጬ ካርቶኑን አነሳሁና የዋጋውን ወረቀት በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ በግልጽ ታትሟል፦ ፕሮሰሰር ሴሌሮን ኤን 4020፣ ራም 4 ጂቢ፣ ማከማቻ 64 ጂቢ ኢኤምኤምሲ። አምራቹ አልዋሸም። እውነቱን የሸፈነው የሱቁ ወረቀት ነው።

እቃውን ራሱን አልሰድበውም። ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩ አይታወቀኝም። ፕሮሰሰሩ 6 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ማራገቢያ የለውም፤ ድምፅ የለም፣ አቧራ የሚስብበት ቀዳዳ የለም። ማክሰኞ ኮምቦልቻ መብራት ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ ድረስ በባትሪ ሠርቷል። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ፒዲኤፍ ለሚያነብ ተማሪ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ግን አይችልም። ፕሮሰሰሩ ሥራ የሚሠራበት ኮር ሁለት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ዝቅተኛ ብሎ የሚጠይቀው 4 ጂቢ ራምና 64 ጂቢ ማከማቻ ነው፤ ይህ እቃ ልክ እዚያ ወለል ላይ ነው የቆመው። ዊንዶውሱ ራሱ የማከማቻውን ግማሽ ያህል ይዞታል። ኢኤምኤምሲ ደግሞ ርካሽ ስልኮች ውስጥ ያለው ዓይነት ማከማቻ ነው፣ ከኤስኤስዲ ጋር በፍጥነት አይወዳደርም።

ራም ላስጨምር ብዬ ሸዋ በር ወዳለ ጥገና ወሰድኩት። ልጁ ከፍቶ አሳየኝ። ራሙም ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። "እህቴ፣ እዚህ ላይ የሚጨመር ነገር የለም" አለኝና መልሶ ዘጋው። ገንዘብ እንኳን አልተቀበለኝም።

ረቡዕ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሰውየው ቀና ብሎ አላየኝም፤ ስልኩን ነው የሚያየው። ያሳየኸኝ ሌላ፣ የሰጠኸኝ ሌላ አልኩት። "የተሸጠ እቃ አይመለስም።" የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለ፣ ሸማች ስለሚገዛው እቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው አልኩት። ሳቀ። "ደረሰኝሽን አምጪና አዋጁን እናነባለን" አለኝ። የሰጠኝ ብጣሽ ወረቀት ላይ "ላፕቶፕ 1" ብቻ ነው የሚለው። በር ላይ ያለው ልጅም አብሮ ሳቀ። ሰኞ ዕለት "እህቴ" ያለኝ ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፣ ደረሰኙ። በቀን ስንት ደረሰኝ አገላብጣለሁ! ደንበኞቼ ያለ ደረሰኝ ሲገዙ የምቆጣቸው እኔ ነኝ። አንዲት ቁጥር የተፋቀች ከመሰለኝ አልቀበልም ብዬ እመልሳለሁ። ለራሴ ሲሆን በ2 ሺህ ብር ማስረጃዬን ሸጥኩ። ዓይኔ ሥር ያለች ወረቀት ሳላነሳ የስንት ወር እቁቤን ላክሁ። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ዛሬ ጠዋት ሚኒባሱ በሱቁ በር ሲያልፍ አየሁ። ያው ላፕቶፕ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል። አንድ አባት ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ያያል። ወራጅ አለ ብል ኖሮ እደርስባቸው ነበር። ሳልወርድ አለፍኩ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተለጠፈ ነገር ካለ እዚያው ሱቅ ውስጥ ላጡት። የምትወስዱትን እቃ ራሱን አስከፍታችሁ፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ራሙንም ማከማቻውንም እዩ። ደረሰኙ ላይ ቁጥሮቹን አስጽፉ። አይከፈትም ካሉ ውጡ።