ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፦ ስምንት ወር ከተገጣጣሚ ክሬን ጋር

ክሬኑ ጠረጴዛዬ ላይ ከቆመ ስምንት ወር ሆነው። በእነዚህ ወራት ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ፈትቼ እንደገና ገጥሜዋለሁ። አንዴ ደግሞ ግማሹን ብቻ፣ በንዴት። ሳጥኑን በከፈትኩ በሳምንቱ ብጽፍ ኖሮ ከምስጋና በቀር ምንም አይወጣኝም ነበር። አዲስ ክፍል ሲገጥም ቀጭ የሚለው ድምፅ ብቻውን ያሰክራል። አሁን ስካሩ በርዶልኛል። ተለጣፊዎቹ ጫፍ ጫፋቸው ተነስቷል፣ አንዳንዱ ማያያዣ ፒን ላልቷል፣ የመንጠቆው ገመድም መተርተር ጀምሯል። የወደድኩትና ያናደደኝ ነገርም ተለይቷል።

ዕቃው ባለ አራት አክስል የክሬን መኪና ነው። ከሁለት ሺህ በላይ የፕላስቲክ ክፍሎች፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተርና አንድ የባትሪ ሳጥን አለው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ቅሬታዬ እሱን ብቻ የሚመለከት አይደለምና። ክፍሎቹ ላይ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለው ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ነው። የዴንማርኩ መጫወቻ አምራች ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክኒክ የሚባለውን መስመሩን ሲጀምር የያዘው ልክ ነው፤ ዛሬ ብዙዎች ይከተሉታል።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው “ልክ እንደ እውነተኛው” የሚል ነው። ስምንት ወር ሙሉ ያጨቃጨቀኝ ይሄ ነው። እንደ እውነተኛው ምኑ? መልኩ ወይስ አሠራሩ?

አጎቴ መካኒክ ነው። ክሬኑን የጨረስኩ ሰሞን ቤት መጣና ምንም ሳይናገር አንስቶ ሆዱን አየው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደፊት ገፋው። የመጫወቻ ሞተሩ ስድስት ፒስተኖች ከፍ ዝቅ አሉ።

“ሞተሩ ነው ጎማውን የሚያዞረው ወይስ ጎማው ሞተሩን?”

“ጎማው ነው ሞተሩን፣ አጎቴ።”

“እንግዲያው ይሄ ሞተር አይደለም፤ ዳይናሞ ነው።” ትንሽ ቆየና ራሱን አረመ። “ለነገሩ ቁልቁለት በማርሽ ስትወርድ እውነተኛውም እንዲሁ ነው።”

ነገሩ ይሄው ነው። የዚህ ዓይነት መጫወቻ አብዛኛው “ሞተር” ለዕይታ ነው። ቫልቭ የለውም፣ እሳት የለውም፤ መኪናውን ስትገፉት ጎማው ዘንጉን፣ ዘንጉ ክራንክሻፍቱን፣ ክራንክሻፍቱ ፒስተኑን ያንቀሳቅሳል። ሰንሰለቱ ትክክል ነው፤ የተገላበጠው መነሻው ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ዙር ወደ ከፍታና ዝቅታ ሲለወጥ በዓይን ስለሚያሳይ ይቅር ብየዋለሁ።

ካምቢዮው ላይ ሲደርስ አጎቴ ዝም አለ። መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። ውስጡ ያሉት ጊሮች ሁልጊዜ እንደተነካከሱ ናቸው። ማርሽ ስትቀይሩ ጊር ከጊር አይላቀቅም። እያንዳንዱ ጊር ዘንጉ ላይ ለብቻው ይሾራል፤ በሁለት ጊሮች መሀል ያለች ቀለበት ግራና ቀኝ እየተንሸራተተች አንዱን ከዘንጉ ጋር ትቆልፈዋለች። በዛሬዎቹ በእጅ ማርሽ በሚቀየርባቸው መኪኖች ውስጥ ያለው ዘዴም ይሄው ነው። የጎደለው ፍጥነታቸውን የሚያመሳስለው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ እየተሽከረከረ ብትቀይሩ ይንቋቋል፤ አንዳንዴም አልገባም ይላል። መኪና ስነዳ ስንት ዓመቴ ነው፤ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር አንዱ ጊር ተነስቶ ሌላው የሚተካ ይመስለኝ ነበር። ይሄን ያወቅኩት ከፕላስቲክ ነው።

ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻልም አያሳፍርም። ክሬኑን አንስታችሁ አንዱን የኋላ ጎማ ወደፊት ብታዞሩት ያኛው ወደኋላ ይዞራል። ጭቃ የያዘው መኪና አንድ ጎማው ብቻ ለምን በከንቱ እንደሚሾር ለልጅ ማስረዳት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አያገኝም።

መሪው ላይ ግን ተሸውጃለሁ። መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጨኛው የበለጠ መታጠፍ አለበት፤ የሚዞረው ጠባብ ክብ ነውና። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር ያሰበው ነው፤ አከርማን እ.ኤ.አ. በ1818 በለንደን የፈጠራ መብት አወጣለትና እስከዛሬ በአከርማን ስም ይጠራል። የኔ ክሬን ሁለቱንም ጎማ እኩል ያጥፋል። ስታዞሩት ጎማዎቹ ጠረጴዛው ላይ እየተፋተጉ ይንሸራተታሉ። በር መያዣው ሳይቀር በተለጣፊ የተሠራለት መኪና፣ መሪው የሠረገላ ዘመን ዕውቀት ሲጎድለው ያናድዳል። ለነገሩ መፍትሔው ሁለት የመሪ ክንዶችን ወደ ውስጥ ማዝመም ብቻ ነበር። ራሴ አደረግኩት፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፈጀብኝ።

ከክፍሎቹ ሁሉ አስቦ የተሠራው የቱ ነው ብትሉኝ ጊሮቹን ነው የምላችሁ። ጥርሳቸው 8፣ 16፣ 24፣ 40 ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የመጣ ይመስላል። ዋናው ነገር ግን የጊሩ የመነካከሻ ክብ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ከጥርሱ ቁጥር ጋር እኩል መሆኑ ነው። ባለ 8ቱና ባለ 24ቱ ሲነካከሱ በዘንጎቻቸው መሀል 16 ሚሊ ሜትር ይኖራል፤ ልክ ሁለት ቀዳዳ። ባለ 8ቱና ባለ 40ው ሦስት ቀዳዳ። ሁለት ባለ 16 ደግሞ መልሶ ሁለት ቀዳዳ። ባለ 8ቱን ከባለ 16ቱ ጋር ግን አንድ ቀዳዳ ተኩል ይወጣል፤ ቀጥ ባለ አግዳሚ ላይ አይገናኙም። ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ምሽት ታግያለሁ።

ከልጅነቴ የተረፈ የብረት መገጣጠሚያም አለኝ፤ ላሜራው፣ ዳዶው፣ ካቻቢቴው። አወጣሁትና ጎን ለጎን አየኋቸው። ዘሩ የሚመዘዘው የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ካወጣበትና በኋላ ሜካኖ ከተባለው ነው። እዚያ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የሜካኖን ጊሮች እዩዋቸው። 57 ከ19፣ 50 ከ25፣ 60 ከ15። ደምሯቸው፤ ሁሉም 75 ወይም 76 ነው። ስለዚህ ሦስት እጥፍም፣ ሁለት እጥፍም፣ አራት እጥፍም ፍጥነት ለመቀነስ ዘንጎቹ ባሉበት፣ በሁለት ቀዳዳ ርቀት ይቆያሉ፤ የሚቀየሩት ጊሮቹ ብቻ ናቸው። ይሄን ሳሰላ ለብቻዬ ሳቅኩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ሳይንቲስቶቹ ሃርትሪና ፖርተር ማንቸስተር ውስጥ ዲፈረንሻል እኩልታ የሚባለውን የሒሳብ ዓይነት የሚፈታ የስሌት መሣሪያ ከሜካኖ ክፍሎች ሠርተዋል። ሳይንቲስት የሚሠራበት እንደ ፈለገው የሚታዘዙ ክፍሎች ስላሉት ነው እንጂ ክሬን ስለሚመስል አይደለም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ፊሸርቴክኒክ። የግድግዳ ፊሸር አባት የሆነው ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1960ዎቹ ያወጣው ነው። እዚያ ክፍሎቹ የሚያያዙት በቀዳዳ ሳይሆን በቦይ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦይ ውስጥ ገብቶ የፈለጋችሁበት ቦታ ይቆማል። የአንድ ቀዳዳ ተኩል ጣጣ የለም። መልኩ የፋብሪካ ሞዴል ይመስላል እንጂ ለመደርደሪያ ጌጥ አይሆንም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከክሬኑ ጋር የመጡት ትልልቅ የሽፋን ክፍሎች ያምራሉ። ክብ ክብ ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ። ግን ከጋቢና ሽፋን ጋቢና እንጂ ሌላ አይወጣም። መጀመሪያ ስፈታው ከክፍሎቹ ትንሽ ጋሪና የውሃ ማንሻ ሞዴል ሠርቼ ነበር። አግዳሚዎቹ፣ ዘንጎቹ፣ ፒኖቹና ጊሮቹ ሁሉ ሥራ አገኙ። ሽፋኖቹ ሳጥን ሥር ቀሩ። አምራቾች መልኩን ባሳመሩ ቁጥር እንደዚህ ያለ የአንድ ቀን ክፍል ይበዛል። የብረቱ ላሜራ ደግሞ ምንም ውበት የለውም፤ ዛሬ ድልድይ ነው፣ ነገ የመኪና ሻንሲ።

ስለ ቀለምም ሰው ያማርራል። ውስጥ ያሉት ክፍሎች ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ናቸው፤ በክፍተቶቹ መሀል ይታያሉ። “መኪና ሆዱ ውስጥ ቢጫ ዘንግ የለውም” የሚል አለ። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ ስል ነበር። ሁለት ሺህ ጥቁር ክፍል መሀል ሰባት ቀዳዳ የሚረዝም ዘንግ ፈልጉና ከዚያ እንነጋገር። ፒኖቹም እንዲሁ በቀለም ተለይተዋል። ጥቁሩ ጎኑ ላይ ቀጭን ሸንተረር ስላለው ይይዛል፤ ግራጫው ለስላሳ ስለሆነ ይሾራል። መታጠፊያ ላይ ጥቁሩን ካስገባችሁ ክንዱ እንደ ሪህ በሽተኛ ይሆናል።

ግማሹን በንዴት የፈታሁት በሁለተኛው ወር ነው። መዞሪያው ከበደ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ያቃስታል፣ ከዚያ ካምቢዮው ውስጥ ያለው፣ ጫና ሲበዛ የሚንሸራተተው ጊር ጠቅ ጠቅ ይላል። ባትሪ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ከላይ ሽፋኑን፣ ከዚያ ወለሉን፣ ከዚያ ሦስት ድርብርብ አግዳሚ አወረድኩ። በመጨረሻ አገኘሁት። ዘንግ እንዳይንሸራተት የምትይዝ ቀጭን ቀለበት ከአግዳሚው ጋር አጣብቄ ገፍቻታለሁ። ጥፍሬን አስገብቼ የወረቀት ውፍረት ያህል ወደኋላ ሳብኳት። ዘንጉ በጣት ግፊት ብቻ ዞረ። አንድ ሰዓት ተኩል መፍታት፣ አንድ ሰዓት ተኩል መግጠም፣ ለወረቀት ውፍረት። ለአጎቴ ስነግረው አልገረመውም። ኩሽኔታ አጥብቆ አስሮ ያቃጠለ ተለማማጅ ስንት አይቷል።

ክንዱን የሚያነሳው ፒስተን መሳይ ነገር ሃይድሮሊክ አይደለም። ውስጡ ረጅም ብሎን ነው፤ ብሎኑ ሲዞር ይረዝማል። አስመሳይ ነው ብዬ ነበር። ግን ጫፉ ላይ ሲደርስ ጠቅ ጠቅ እያለ ይንሸራተታል፣ ምንም ሳይሰብር። በእውነተኛው ክሬን ግፊት ከልክ ሲያልፍ ዘይቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለ። ሥራቸው አንድ ነው። ዕቃው ሌላ፣ ጥበቡ ያው።

ከሁሉ ያስደሰተኝን በአጋጣሚ አገኘሁት። ክንዱን አርዝሜ ባትሪ ልቀይር ሳጥኑን ከኋላ መዘዝኩ። ክሬኑ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ በአፍንጫው ተደፋ። የባትሪው ሳጥን በእውነተኛው ክሬን ላይ ሚዛን የሚጠብቀው ከባድ ብረት በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ሥራውንም በትክክል ይሠራል። መመሪያው ስለዚህ አንድም ቃል አይልም። ከተለጣፊው ሁሉ ይልቅ “እንደ እውነተኛው” የሚለው ቃል የሚገባው ለዚህ ነበር።

ጥንካሬውን ግን እንደ እውነተኛው አትቁጠሩት። መጠኑ ወደ 20 እጥፍ ግድም ያነሰ ነው። ርዝመት በ20 ሲያንስ ጥንካሬውን የሚወስነው የመስቀለኛ ቁራጩ ስፋት በ400፣ ክብደቱ ደግሞ በ8,000 ያንሳል። ስለዚህ መጫወቻው ከክብደቱ አንጻር እጅግ ጠንካራ ነው። በፕላስቲክ ፒን የቆመ ክንድ በሙሉ መጠኑ ቢሠራ በራሱ ክብደት ይጎብጥ ነበር።

የሚጎብጠው ሌላ ነው፤ ረጅሙ ዘንግ። መንጠቆውን ለማንሳት ቁልፉን ስጫን መጀመሪያ ምንም አይነሳም። ዘንጉ እንደ ፎጣ ይጠመዘዛል። ከዚያ መንጠቆው በድንገት ይዘላል። ሰባት ወር ቻልኩት። ምክንያቱ የገባኝ ባለፈው ወር ነው። ብሎን የመሰለውና አንድ ዙር ሲዞር አንድ ጥርስ ብቻ የሚገፋው ጊር ያለው ከሞተሩ አጠገብ ነው። ከባለ 24 ጥርሱ ጋር ሆኖ ፍጥነቱን 24 ጊዜ ይቀንሳል፣ ጉልበቱን ያበዛል፤ ያ ሁሉ ጉልበት በቀጭኑ ዘንግ ላይ አልፎ ነው ገመዱ ጋ የሚደርሰው። ለመጨረሻ ጊዜ ስፈታው ሁለቱን ጊሮች ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ገመዱ የሚጠቀለልበት ዘንግ አጠገብ ወሰድኳቸው። አሁን በረጅሙ ዘንግ የሚያልፈው ፍጥነት እንጂ ጉልበት አይደለም። መንጠቆው ቁልፉን እንደነካሁት ይነሳል፤ የብረቱን መገጣጠሚያ ዳዶዎች በከረጢት አንጠልጥዬ ሞክሬዋለሁ። ዘንጉ ግን በፍጥነት ስለሚሾር እንደ ንብ ይጮኻል። ማታ ማታ አላስነሳውም።