ከጃፓን የቱ ጣፋጭ ይምጣ? ሺሮይ ኮይቢቶ፣ ካስቴላ ወይስ ያትሱሃሺ

ጃፓን ውስጥ እያንዳንዱ አካባቢ የሚታወቅበት ጣፋጭ አለው። ባቡር ጣቢያ ስትገቡ ካርቶኑ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፤ ሁሉም ያምራል። እኔ መጀመሪያ ካርቶኑን ገልብጬ የማየው ቀኑን ነው። ዘመድ ተጠይቆ እስኪያልቅ የማይቆይ ጣፋጭ ቢጥምም አይጠቅመኝም። ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ፤ እዚያ ዓመቱ ይቀድማል። 26.03.05 ማለት ማርች 5 ቀን 2026 ነው።

ለመሥሪያ ቤት ከሆነ ብዙም አታስቡ፣ ሺሮይ ኮይቢቶ ግዙ። ሳፖሮ ያለው ኢሺያ የተባለ ኩባንያ ከ1976 ጀምሮ የሚሸጠው፣ የሰሜን ጃፓኗ ደሴት የሆካይዶ ብስኩት ነው። በሁለት ስስ ብስኩት መሃል ነጭ ቸኮሌት አለው። አንድ አንዱ ለብቻው ስለታሸገ ለማደል ይመቻል፣ ወራትም ይቆያል። ሆካይዶ ባትደርሱም ናሪታ ኤርፖርት ታገኙታላችሁ። ጠላቱ ሙቀት ነው። በሐምሌ ሙቀት ወደ ዱባይ ወይም ሪያድ የምትሄዱ ከሆነ ከእጃችሁ አትለዩት።

ካስቴላ የናጋሳኪ ኬክ ነው። ፖርቹጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይዘውት መጡ፣ ጃፓኖች የራሳቸው አደረጉት። ፉኩሳያ የተባለው ካስቴላ ቤት ከ1624 ጀምሮ አለ። እንቁላል፣ ስኳር፣ ዱቄትና ወፈር ያለ ሽሮፕ ነው፤ በጥንታዊው አሠራር ቅቤ የለበትም። ከሥሩ ያለውን ወረቀት ቀስ ብላችሁ ላጡ፤ ከቸኮላችሁ ቡናማው ገጽ አብሮ ይነሳል። እዚያው ሥር ያልሟሟ ስኳር አለ፣ ሲታኘክ ቅሽ ቅሽ ይላል። ከቡና ጋር ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ለአያትም ለልጅም ይስማማል። ችግሩ ዕድሜው አጭር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ። በጉዟችሁ መጨረሻ ግዙት።

ያትሱሃሺ የኪዮቶ ነው፤ ሁለት ዓይነት ስላለ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለስላሳው ከሩዝ ዱቄት የተሠራ፣ ቀረፋ የሚሸት ስስ ሊጥ ነው። በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ውስጡ በስኳር የተቀቀለ ቀይ ባቄላ ይገባል። ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይበላሻል። ደግሞም «ባቄላ በስኳር?» ብሎ ፊቱን የሚያጠቁር ዘመድ አይጠፋም። የተጋገረው ደረቁ ግን ወራት ይቆያል፣ የቀረፋ ብስኩት ስለሚመስል ማንም አይሸሸውም። የተለመደው ዓይነት የሩዝ ዱቄት፣ ስኳርና ቀረፋ ስለሆነ የጾም ነው።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሁዳዴ ላይ ሺሮይ ኮይቢቶ ይዛችሁ ብትገቡ «ለፋሲካ ይቀመጥ» ይባላል፤ እሱስ ይደርሳል፣ ካስቴላው ግን አይደርስም። ስለዚህ በጾም የምትገቡ ከሆነ ደረቁን ያትሱሃሺ ያዙ። ቸኮሌት ወይም ሌላ ጣዕም የተጨመረበት ስላለ ጀርባውን በስልክ ካሜራ አስተርጉሙ። የጃፓን ሕግ እንቁላልና ወተት መኖሩን መጻፍ ያስገድዳል።

የሃማማትሱ ከተማው ብስኩት፣ ኡናጊ ፓይ ላይም ዓይናችሁ ሊያርፍ ይችላል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበላ ቤት ከሆነ ተዉት፤ የኢል ዓሣ ዱቄት አለበት። ከ1707 ጀምሮ የሚሠራው አካፉኩ፣ የኢሴ ከተማው ጣፋጭ ባቄላ የተቀባ የሩዝ ሊጥ፣ ደግሞ በበጋ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። እዚያው ብሉት።