ስምንት ቅዳሜ ስለ ጌኒቲቭ፦ የወሰድኩት ኮርስ ገንዘቡ አልቆጨኝም

ጀርመን ያላችሁ፣ በተለይ ለቤ 2 የጀርመንኛ ደረጃ ፈተና የምትዘጋጁ፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እዚህ ፍራንክፈርት አንድ አነስተኛ የቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ ስምንት ቅዳሜ የፈጀ ኮርስ በቅርቡ ጨርሻለሁ። ኮርሱ ሰዋስውን በሙሉ አይነካም። ስለ ጌኒቲቭ (የማን መሆኑን ስለሚያሳየው አገባብ) ብቻ ነው፣ ከዚያም ውስጥ በተለይ ስለ ተውላጠ ስሞቹ፤ ዴሰን፣ ዴረን፣ ዴረር፣ ቬሰን፣ ማይነር፣ ዛይነር ስለሚባሉት። ለዚህ ብቻ ስምንት ቅዳሜ ይበዛል የምትሉ ትኖራላችሁ። ባለቤቴም እንደዚያው ብሎኝ ነበር።

ለምን እንደተመዘገብኩ ልንገራችሁ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ፈረቃ ስንቀያየር የዋለውን ነገር ጽፈን እናስረክባለን። አንድ ማታ ስለ አንዲት ትልቅ እናት ስጽፍ "ሚት ኢረር ቶኽተር ኡንት ኢረም ማን" በስልክ ተነጋግረዋል ብዬ ጻፍኩ። እኔ ማለት የፈለግኩት ከሴት ልጃቸውና ከልጃቸው ባል ጋር ነው። የጠዋቷ ባልደረባዬ ግን ያነበበችው "ከልጃቸውና ከባላቸው ጋር" ብላ ነው። የእኚህ እናት ባል ከሞቱ ቆይተዋል። እና እሷ ምን ገመተች? ሴትየዋ መርሳት ጀምረዋል፣ የሞቱትን ባላቸውን እያነጋገሩ ነው ብላ ለሐኪም ልትደውል ስትል ደረስኩ። ያን ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት። አንዲት ቃል እኮ ናት፣ ግን የሰው የሕክምና ፋይል ላይ ገብታ ልትቀር ነበር።

አማርኛ ላይ ቢሆን ይሄ አይፈጠርም። "ከልጃቸውና ከባሏ ጋር" ስንል አክብሮቱ ራሱ ይለይልናል። "ልጃቸው" ሲባል እናትየዋ ናቸው፣ "ባሏ" ሲባል ልጅቷ ናት፣ ያለቀለት ነገር ነው። ጀርመንኛ ውስጥ ግን "ኢር" ለእናትየዋም ለልጅቷም ያው ነው። መፍትሔው "ሚት ኢረር ቶኽተር ኡንት ዴረን ማን" ማለት ነው። ዴረን ከፊቷ በመጨረሻ የተጠራችውን ሴት ነው የምትይዘው፣ እዚህ ጋ ልጅቷን። ለወንድ ሲሆን ደግሞ ዴሰን፤ "ፔተር፣ ዛይን ፍሮይንት ኡንት ዴሰን ፍራው" ከተባለ ሚስትየዋ የጓደኛው ናት፣ የፔተር አይደለችም። ይሄን የተማርነው ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። እኔ በዚያ አንድ ቀን ብቻ የከፈልኩት ገንዘብ እንደተመለሰልኝ ነው የቆጠርኩት።

አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ ጀርመናዊት ናቸው። ሠንጠረዥ አስሸምድደው አይለቁም። የመጀመሪያው ቀን የሁላችንንም ቁልፍ ሰብስበው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩና እያንዳንዱን እያነሱ "ቬሰን ሽሉሰል ኢስት ዳስ?" እያሉ ጠየቁን። የማን ቁልፍ ነው ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ ሳይደብቁ ነገሩን፤ ሰፈር ውስጥ ሰዉ በብዛት "ቬም ገሄርት ዴር ሽሉሰል?" (ቁልፉ የማን ነው?) እንደሚል፣ ቬሰን ግን ፈተና ላይና ጽሑፍ ላይ እንደምትጠብቀን። ይሄ ልማዳቸው በጣም ተመችቶኛል። አንድን ነገር ሲያስተምሩ አፋችን ላይ የሚውለውን፣ ወረቀት ላይ ብቻ የሚገባውንና ስናነብ ለይተን ብናውቀው የሚበቃንን ለየብቻ ያስቀምጡታል።

ሦስተኛውና አራተኛው ቅዳሜ ያለቀው በሬላቲቭ ዓረፍተ ነገር (ስምን በሚገልጸው) ነው፤ እዚህ ላይ ለሐበሻ ተማሪ የሚሆን ነገር እኔ ራሴ አገኘሁ። "መኪናው የተሰረቀበት ሰውዬ" በሉ። "መኪናው" መጨረሻ ላይ ያለችው "ው" ናት ባለቤቱን የምትነግረን። ጀርመንኛ ያችን ነገር ከመጨረሻ አውጥቶ ራሷን የቻለች ቃል አድርጎ ከስሙ ፊት ያስቀምጣታል፤ "ዴር ማን፣ ዴሰን አውቶ ገሽቶለን ቩርደ"። "ልጇ የታመመባት ሴት" ደግሞ "ዲ ፍራው፣ ዴረን ዞን ክራንክ ኢስት" ይሆናል። ልጁ ወንድ ቢሆንም ዴረን ነው፣ ምክንያቱም የምንከተለው ባለቤቷን ነው። መጀመሪያ በአማርኛ አስቡትና "ው" ነው "ዋ" ነው "ቸው" ነው የሚለውን ለዩ፣ ግማሹ መንገድ አለቀ።

ግማሹ ያልኩት ግን ወድጄ አይደለም። ጀርመንኛ የሚያየው ዴር፣ ዲ፣ ዳስን ነው እንጂ የሰውየውን ጾታ አይደለም። እኛ "አባቷን የማውቀው ልጅ" እንላለን፣ እነሱ ግን "ዳስ ሜትሸን፣ ዴሰን ፋተር ኢሽ ከነ" ነው የሚሉት። ሴት ልጅ ሆና ዴሰን! ሜትሸን ዳስ ስለሆነች ነው። ሌላው ክፍሉን ሁሉ ያስቸገረው፣ ዴሰን ራሱ መቼም አይለወጥም። ሚት (ከ... ጋር) መጣ ብላችሁ "ዴሰም" እንዳትሉ። "ሚት ዴሰን ኖየም አውቶ" ነው፤ ከእሱ አዲስ መኪና ጋር ማለት ነው፣ የሚለወጠው ከኋላው ያለው ቅጽል ነው።

ማይነር፣ ዳይነር፣ ዛይነር፣ ኢረር፣ ኡንዘር፣ ኦየር የሚባሉትን (የእኔ፣ አንተ፣ እሱ... ጌኒቲቭ ቅርጾች) በአንድ ቅዳሜ ነው ያለፍናቸው፣ እሱም ትክክል ነው። ዛሬ በአፍ የሚላቸው ሰው ጥቂት ነው። ገዴንከን (መዘከር)፣ በዱርፈን (ማስፈለግ) ከሚባሉት ግሶች ጋር በጽሑፍ ይመጣሉ። እኔን የነካኝ ግን አስተማሪያችን ከጀርመን ቤተ ክርስቲያን ያመጡት ምሳሌ ነው፤ "ኤርባርመ ዲሽ ኡንዘር"። እኛ ከልጅነት ጀምሮ "እግዚኦ መሐረነ" እያልን ያደግንበት ልመና ነው እኮ። የእኛው "ማረን" ላይ ያለችው "ን" ተሳቢ ናት፣ እነሱ ጋ ጌኒቲቭ ሆና ተቀምጣለች። ኡንዘር ነው፣ ኡንዘረር አይደለም፣ ይሄንን እነሱም ይሳሳቱታል። ፈርጊስማይንኒሽት የምትባለው ትንሿ ሰማያዊ አበባም ስሟ ውስጥ ያው አለ። "አትርሳኝ" ማለት ነው፣ "ማይን" የድሮ አጭሩ ማይነር ነው።

ማይነትቬገንን ተጠንቀቁት። "በእኔ ምክንያት" ብላችሁ ስትሉ ሰሚው "እንደፈለግሽ፣ ግድ የለኝም" ብሎ ሊወስደው ይችላል። ለንግግር "ቬገን ሚር" ይበቃል፣ ጽሑፍ አዋቂዎች ባይወዱትም።

የጎደለውንም ልናገር። ዴረር በጣም በጥድፊያ ነው የታለፈው። ዴረን ወደ ኋላ ሲያይ ዴረር ወደ ፊት ያያል፤ "ዲ ናመን ዴረር፣ ዲ ፌለን" ማለት "የቀሩት ሰዎች ስሞች" ነው። ይሄን የሚያህል ነገር በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ተወረወረብን፣ ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልነበረም። የሚሰጡት ኮፒ ደብዛዛ ነው፣ መልሱም አብሮ አይመጣም፤ ቤት ሆኖ የሠራ ሰው ልክ ይሁን አይሁን ሳያውቅ ሳምንት ይጠብቃል። ይሄ የተማሪን ጊዜ አለማክበር ነው፣ ለቢሮውም በጽሑፍ ነግሬያቸዋለሁ።

ቤ 1 ያልጨረሰ ሰው ባይገባ ይሻለዋል። ዳቲቭ (ለማን የሚለው አገባብ) ገና እያስቸገረው ጌኒቲቭ ሲጨመርበት ይጠፋዋል፣ ሁለት ልጆች በዚህ ምክንያት አቋርጠው ሄደዋል፤ አሳዝነውኛል። ቤ 1 አልፋችሁ መሥሪያ ቤት ሪፖርት የምትጽፉ ከሆነ ግን ግቡ። ስትሄዱ ከቢሮ የመጣላችሁን ደብዳቤ ስማችሁንና አድራሻችሁን ሸፍናችሁ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፣ አስተማሪያችን እሱን ሰሌዳ ላይ እያወጡ ነው የሚያሠሩት። የእኔ የጤና ኢንሹራንስ ደብዳቤ ለዓመት መሳቢያ ውስጥ ሳይገባኝ የተቀመጠ ነበር። አራት ዴረንና አንድ ዴሰን አገኘንበት፣ እያንዳንዱን የማን እንደሆነ በቀስት አገናኘን፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ያለ መዝገበ ቃላት አነበብኩት።