«ሂ ኤንድ ሺ»፦ ሥራ ቤት ድረስ የሚገባበት የባልና ሚስት ኮሜዲ

በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ የመጀመሪያው ክፍል የታየው ጳጉሜን 1 ቀን 1959 ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1967። 26 ክፍል ተሠርቶ በዓመቱ ተቋረጠ። ስለ ትዳር ከዚያ ወዲህ ስንት ኮሜዲ ተሠርቷል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አጫጭር የቤተሰብ ኮሜዲ ለሚጽፉና ለሚቀርጹ ግን ቀድመን የምናሳየው ይህንን ነው። የእኛ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ባልየውን ጠዋት ወደ ሥራ ሸኝተው ማታ ይቀበሉታል፤ ቀኑን ሙሉ የት እንደዋለ አይታወቅም። እዚህ ግን ሥራው ራሱ በር አንኳኩቶ ይገባል።

ዲክ ሆሊስተር የካርቱን ሠዓሊ ነው። «ጄትማን» የሚባል ጀግና ፈጥሯል፤ ጀግናው ወደ ቴሌቪዥን ሲዞር ደግሞ ኦስካር ኖርዝ የሚባል ተዋናይ ይጫወተዋል። ኦስካር ራሱን አምላኪ ነው፤ የሚፈልገው መደነቅ ብቻ ነው። ሚስትየው ፓውላ የምትሠራው መንገድ ላይ ለተቸገረ እንግዳ በሚደርሰው ትራቭለርስ ኤይድ ነው። እንግዲህ በእሱ ሥራ በኩል የሚመጣው እዩኝ ባይ ነው፣ በእሷ በኩል የሚመጣው እርዱኝ ባይ። ሁለቱ አንድ ሳሎን ውስጥ ሲገናኙ ደራሲው ጠብ መፈልሰፍ አያስፈልገውም፤ ጠቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ፕሮግራሙን የፈጠረው ሊዮናርድ ስተርን ይህን አሳምሮ ያውቅበታል።

ዲክና ፓውላን የሚጫወቱት ሪቻርድ ቤንጃሚንና ፓውላ ፕሬንቲስ በእውነተኛው ሕይወታቸውም ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባልና ሚስት ናቸው። ይህ በትወናው ላይ ይታያል። እሷ ነገሩን በዚያ ወፍራም ድምፅዋ እየጎተተች ስታመጣው፣ እሱ ፊቱን ሳይቀይር ዝቅ ባለ ድምፅ ይመልስላታል። ቀልዱ የሚያርፈው በቃሉ ላይ ሳይሆን ከመልሱ በፊት ባለችው ቅጽበት ነው። ተዋንያን የምታሠለጥኑ ይህችን ቅጽበት አስጠኑ፤ የእኛ ሰው ቶሎ መልሶ ያበላሻታል።

ኦስካርን የሚጫወተው ጃክ ካሲዲ ድንቅ ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። እሱ ያለበት ትዕይንት ሁሉ የእሱ ይሆናል። ጎረቤቱን የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚጫወተው ኬኔት ማርስ ደግሞ አገባቡ ለብቻው መታየት አለበት፤ ከጎን ካለው የእሳት አደጋ ጣቢያ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ተራምዶ በመስኮት ነው የሚገባው። የሚያስቀው መስኮቱ ብቻ አይደለም። ሲመጣ አስቀድመን እናየዋለን፤ ባልና ሚስቱ የጀመሩት ጉዳይ ሊቋረጥ መሆኑን ከእነሱ በፊት እናውቃለን።

ወሎ ላይ ሳንቃ አያስፈልግም፤ «ኧረ ቤቶች!» የምትል ጎረቤት አለች። ስህተቱ ጎረቤቲቱን ከካሜራ ውጭ ማስገባት ነው። ካሜራው በሩንም ረከቦቱንም አንድ ላይ እንዲይዝ አድርጋችሁ ትከሉት። ቡናው ራሱ ደግሞ ጥሩ ሰዓት ነው፦ የ25 ደቂቃውን ክፍል በአቦል፣ በቶናና በበረካ ከፍላችሁ ጻፉት፤ በአቦል የሥራው ጣጣ ይገባል፣ በቶና ይከርራል፣ በረካ ላይ ይፈታል። የሙቀጫው ድምፅ ንግግር ስለሚውጥ ተዋናዮቹ ሲናገሩ አይወቀጥ፤ ውቀጣውን ለብቻው ቅዱና ኋላ ጨምሩት። ስኒውንም ጠብቁ። ቀረጻው በተደገመ ቁጥር ቡናው ከጎደለ፣ ሲቀናበር አንዱ ስኒ ሞልቶ ሲጎድል ይታያል።

የሚቀረው ነገርም አለ። የፓውላ ሥራ የዲክን ሥራ ያህል አልተቆፈረም፤ ያን ያህል ታሪክ የሚወጣው ቦታ ሆኖ ሳለ ያሳዝናል። ምንም መጠገን የማያውቀው የሕንፃው ጠጋኝም ሲደጋገም ይሰለቻል።

ለምን በአንድ ዓመት ቀረ? የተሰጠውን ሰዓት ማየት ነው። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ተኩል፣ የገጠር ኑሮ ኮሜዲ የሆነውን «ግሪን ኤከርስ»ን ተከትሎ ይታይ ነበር። ለባላገር ቀልድ የተቀመጠ ተመልካች ድንገት የኒው ዮርክ ባልና ሚስት ለስለስ ያለ ጨዋታ ሲቀርብለት ቢነሣ አይፈረድበትም። አለን በርንስና ክሪስ ሄይዋርድ በ1968 እ.ኤ.አ. ለድርሰቱ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸልመዋል፤ ሽልማቱ ግን ፕሮግራሙን አላተረፈውም። በርንስ በ1970 እ.ኤ.አ. ከጄምስ ብሩክስ ጋር «ሜሪ ታይለር ሙር ሾው» የተባለውን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሲፈጥር፣ እዚያ ያለው ራሱን ወዳድ ዜና አንባቢ የኦስካር ታናሽ ወንድም ይመስላል።

በቡድን ስታዩት እየተከተላችሁ አትተርጉሙ፤ ንግግሩ ፈጣን ስለሆነ አንዱን ስትፈቱ ሁለቱ ያመልጣል። ትዕይንቱ ሲያልቅ አቁሙት፣ ተርጉሙት፣ ከዚያ ያንኑ ደግማችሁ እዩት። ለአንድ ክፍል ከአንድ ሰዓት በላይ ያዙ።

ወደ እኛ ለማምጣት የሚነሣ ካለ ከፓውላ ይጀምር። ደሴ መናኸሪያ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ትሰጣት። የወልዲያው መኪና መሽቶበት ገብቷል፣ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው ወጥቷል፣ አንዲት እናት ዶሮ ታቅፈው ቆመዋል። «ኸየት መጡ እናቴ?» ትላቸዋለች። ባልየው ቤት አለቃውን ለራት ጠርቶ እየጠበቀ ነው።